ዓሣ ሊያዩ የመጡ ሰዎች

ባለፈው ሰሞን አንዲት የመንጋጋ ጥርሴ ከነአገጬ ይዛኝ ልትሄድ ስትታገል፣ ላፍቶ አንድ ፎቅ ላይ ካለ የጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። በሩን ስከፍት የጠበቅኩት ከጥርስ በፊት ወኔን የሚነቅለውን የመድኃኒት ሽታ ነበር፤ የተቀበለኝ ግን ሌላ ነው፤ የድንጋይ ሽበት፣ ሁለት ቀን የቆመ ውሃና አምፖል ያሞቀው አቧራ አንድ ላይ የሚሸቱት ሽታ። ዞር ብል፣ ወረፋ ጠባቂዎቹ ከተኮለኮሉበት ወንበር ጀርባ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። ቀይና ቢጫ የለበሱ ዓሦች እንደ ሙሽራ አጃቢ ሲንጎማለሉ፣ አንዲት አመዳም፣ ሆዷ እንደ ቅል የተነፋ፣ ጅራቷ መነሻ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት ዓሣ ጥግ ይዛ ቆማለች። ጥርሴን ረሳሁት። "የኔ ልጅ" አልኳት ካርድ የምታወጣዋን ልጅ፣ "ይቺ ዓሣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ትወልዳለች፤ ለብቻዋ አድርጓት፤ አለዚያ ልጆቿን ቅርጥፍ ነው የምታደርጋቸው።" ልጅቱ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "ማዘር፣ ዓሣ እኮ እንቁላል ነው የሚጥለው" አለችኝ። ማዘር መባሉ ከመንጋጋዬ ይልቅ ስላመመኝ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን እዚያች ጥቁር ነጥብ ላይ እንደተከልኩም አርባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ።

ያኔ ቤታችን ከብስራተ ገብርኤል ዝቅ ብሎ፣ የውጭ አገር ኤክስፐርቶች ከሚኖሩባቸው ቪላዎች አጥር ጀርባ የተለጠፈ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበር። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ስለነበር ከአሥራ ሦስቱ ወር አሥራ አራቱን ፊልድ ነው የሚያሳልፈው፤ እናቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ ወንድም የሌለኝ፣ እህት የሌለኝ፣ የቤቱ ቁልፍ በጫማ ማሰሪያ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለብኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ሰው የሚባል ነገር አይመጣም ነበር። ከመጣም የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ እሱንም አንድ ቀን ሻይ ሳልጋብዝህ አትሄድም ብዬ፣ በሩን ቆልፌ፣ የትምህርት ቤት ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሳነብለት ስላመሸሁበት ከዚያ ወዲህ ቆጣሪውን ከአጥር ውጭ ሆኖ በግምት ነው የሚያነበው። ብቸኝነቴ ያስተማረኝ ሙያ ቢኖር ማጋነን ነው። የሚሰማ ሲጠፋ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እኔ ቁጥሩን ከፍ አደረግኩ። እናቴ "አንቺ አንድ ትንኝ ካየሽ ሰማዩ ጠቆረ ነው የምትይው" ትለኝ ነበር።

ዓሦቹ ቤታችን የገቡት በስህተት ነው ማለት ይቻላል። አባቴ የሚያሽከረክርላቸው የእርሻ ኤክስፐርት ኮንትራታቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቤት ዕቃቸውን ለሠራተኞቹ አካፈሉ። እናቴ የሳቸውን ፍሪጅ ሦስት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ የት እንደምታስቀምጠው ስታቅድ ኖራለች። ዕቃው በተካፈለበት ቀን ግን አባቴ እንደ ልማዱ ፊልድ ነበርና ፍሪጁን ወጥ ቤቷ፣ አልጋውን ዘበኛው ወስደውት፣ ለእሱ የቀረው አንድ የመስታወት ገንዳና በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ የሚርመሰመሱ አምስት ዓሦች ብቻ ሆኑ። ገንዳውን አቅፎ በጎኑ ሲገባ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ አየችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ፍሪጁ ይሄ ነው?"

"ይሄ ከፍሪጅ ይበልጣል፤ ነፍስ ያለው ነገር ነው።"

"ነፍስ ያለውማ ይበላል። ምን ልታበላው ነው?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረና ከኤክስፐርቱ ሚስት የተቀበለውን መመሪያ እንደ ጦር ትእዛዝ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነገረኝ። የቧንቧ ውሃ ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ሳይውል አይጨመርም። ምግብ ከቁንጥጫ አይበልጥም። ሆዷ ያበጠች ሴት ጥቁር ነጥቧ ሲሰፋ ወዲያው ለብቻዋ ትደረጋለች፤ እንቁላል አትጥልም፣ የሚዋኝ ልጅ ነው የምትወልደው፤ ወልዳ ስትጨርስ ግን ዞር ብላ ትበላቸዋለች። ስማቸው ጉፒ ይባላል። በሳምንቱ ደግሞ ለራሱ ለአባቴ ትእዛዝ መጣበትና ስንቅ ጫን ተብሎ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ለሦስት ወር ነው ተብሎ የሄደው አራት ዓመት ቆየ። ስለዚህ እነዚያን ዓሦች ከምግብ በፊት ያበላኋቸው ወሬ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ የዋልኩትን ሁሉ፣ ያልዋልኩትንም ጨምሬ፣ እነግራቸው ነበር፤ እነሱም አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ የሚሰሙኝ ይመስላሉ፤ ከክፍል ጓደኞቼ የተሻሉ አድማጮች ነበሩ።

የአዲስ አበባ ብርድ ለእነሱ ስለማይሆን ገንዳው ላይ አምፖል ሰቀልኩ፤ መብራት ሲጠፋ የአባቴን ጋቢ አለብሰዋለሁ፤ ሰፈራችን ውስጥ ጋቢ የሚለብስ የቤት ዕቃ ያለን እኛ ብቻ ነበርን። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ክረምት ሁለቱን ወንዶች ወሰዳቸው። ሦስቱ ሴቶች ግን ወንድ በሌለበት ቤት ክረምቱን ሙሉ መውለዳቸውን ቀጠሉ። ሴቲቱ ካንድ ጊዜ ግንኙነት ያገኘችውን ለወራት ሆዷ ውስጥ እንደምታቆይ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነውና ያኔ የማስረዳው ነገር አልነበረኝም። መጀመሪያ ላይ "ለፍልሰታ ይደርሱ ይሆን?" እያሉ ሲቀልዱብን የነበሩት የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ይህን ሲሰሙ አማተቡ፤ እናቴን ጠርተውም "እንዲህ ያለ ነገር ሴት ልጅ ባለችበት ቤት ደግ አይደለም" አሏት። በጊዜው ሰፈሩም ከገንዳችን አይለይም ነበር፤ ወንዱ ዘምቶ፣ ሴቶቹ በየበራቸው ሆዳቸውን ይዘው ፖስታ ይጠብቃሉ።

ዓሣ ደግሞ ሥጋም ይፈልጋል። በጣም የሚወዱት የቆመ ውሃ ውስጥ የሚወራጨውን የትንኝ ትል ሲሆን፣ የሰፈሩ ምርጥ ትል የሚገኘው ከጀርባችን ካለው ግቢ በርሜል ነበር። አንድ ቀን የእናቴን የሻይ ማጥለያ ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ፣ እስከ ወገቤ በርሜሉ ውስጥ ተደፍቼ ስቀዝፍ፣ እግሬን የሆነ ሰው ያዘኝ።

"ምን ትሰርቂያለሽ?"

"ትንኝ።"

"ትንኝ ይሰረቃል እንዴ?"

"የናንተ ወፍራም ነው።"

እግሬን የያዘችው፣ ምሕረት የምትባለው የቤቱ ልጅ የሳቀችው ሳቅ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አባቷ ጋሽ ማርቆስ ከወላይታ የመጡ አናጢ ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ጴንጤ ስለነበር የሰፈሩ ልጆች ከሷ ጋር አይጫወቱም፤ መንገድ ላይም ስሟን ትተው "ጴንጤ" ብለው ነው የሚጠሯት። እናቴ ራሷ "ቤታቸው ውሃ እንዳትጠጪ" ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። አልጠጣሁም፤ ትሉን ብቻ ነው የቀዳሁት። ምሕረት ትሎቹ የት እንደሚሄዱ ለማየት ተከትላኝ መጣች፤ ያን ቀን አንዷ ዓሣ ስትወልድ ደረስን። ከእናታቸው ሆድ ተጠቅልለው ወጥተው፣ ወደ ታች ሰምጠው፣ ድንገት ተዘርግተው ሲዋኙ፣ ሁለት ዓይንና አንድ ክር ብቻ የሚያክሉ ሰባት ልጆች። ከሰባቱ ሁለቱን እናቲቱ ፊታችን ዋጠቻቸው፤ አምስቱን በሻይ ማጥለያው አዳንናቸው። ምሕረት አልቅሳ ለአባቷ ስትነግር ጋሽ ማርቆስ መላጊያቸውን አስቀምጠው፣ "ጨካኝ ሆና እንዳይመስላችሁ፤ ፊቷ ትንሽ ነገር ሲንቀሳቀስ አፏ ይቀድማታል" አሉን።

እሳቸው ከመስኮት ሥራ የተረፈ መስታወት በስቱኮ አጣብቀው ለምሕረትም ገንዳ ሠሩላት። ሦስት ጊዜ አፈሰሰ፤ በአራተኛው ያዘ። ላፍቶ ያኔ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ገጠር ነበርና ሁለታችን እስከዚያ በእግራችን ወርደን፣ ከወንዙ ጠርዝ ልጆቹ የሚደበቁበት ፀጉር የመሰለ የውሃ ሣር ነቅለን በፌስታል አመጣን። ከኔ ገንዳ ሁለት እርጉዞችና የዳኑትን ልጆች ሰጠኋት፤ ገንዳውም ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ ሳሎን ሌላ ነገር እንደሚደረግ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር አማኞቹ በየቤቱ ነው የሚሰበሰቡት። አንዱ ጥቅል ጎመን ይዞ የገበያ ሰው መስሎ ይመጣል፣ ሌላዋ ባዶ የጋዝ ጀሪካን አንጠልጥላ፤ አንድ ሽማግሌ የጋሞ ሰው ደግሞ መጽሐፋቸውን በስኳር ከረጢት ጠቅልለው በብብታቸው። መዝሙሩን ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚዘምሩት፤ ከሩቅ ለሚያይ አፋቸው ከዓሦቹ አፍ አይለይም። አንድ ቅዳሜ እኔና ምሕረት በር ላይ ቆመን አንድ አብዮት ጠባቂ መጥቶ፣ "ምንድነው እዚህ ቤት ሰው የሚበዛው?" ብሎ ሲያፈጥባት እሷ ደርቃ ቀረች። እኔ ግን የውሸት ድህነት ኖሮብኝ ስለማያውቅ "ዓሣ ልትወልድ ነው፣ ሊያዩ ነው የመጡት" አልኩት። ገባ፤ ሁሉም ገንዳውን ከበው ቆመዋል፤ በአጋጣሚ እርጉዟም ሆዷን ነፍታ ቆማለች። ጠባቂው ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ "ኧረ ይቺማ መንታ ነው" ብሎ ሳቀና ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣው የእነሱ ፈቃድ ወረቀት ሆነ፤ እኔ ደግሞ ሹመት አገኘሁ። ሥራዬ በር ላይ ተቀምጬ፣ የማይታወቅ ሰው ሲመጣ "ወለደች" ብዬ መጣራት ነው፤ እነሱ ይህን ሲሰሙ ያሉበትን ትተው ወደ ገንዳው ይዞራሉ። ቅዳሜን በጉጉት እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም። የጋሞው ሽማግሌ ሲገቡ ግንባሬን ስመው "ዛሬስ ስንት ተወለደ?" ይሉኛል፤ ስድስት ከሆነ መቶ እላቸዋለሁ፤ "እንግዲያው ለዘጠና አራቱ ስም አውጪላቸው" ብለው ይገባሉ። ሲጨርሱ የምሕረት እናት ድንች በዳጣ ሳህን ሞልተው እስከ በሩ ያመጡልኛል። በሳምንት ውስጥ ሰዎች እንዴት ዋልሽ የሚሉኝ ቀን ያ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ቀበሌ ሱቅ ስኳር ልቀበል በተሰለፍኩበት ቀን ነው። አንዲት የክፍሌ ልጅ ከኋላዬ ሆና "ጴንጤ ቤት ዋይ፣ ጓደኛ ስታጣ" እያለች ትተነኩሰኛለች። ዞር ብዬ፣ "የኔን ዓሦች ለማየት ስንት ሰው እንደሚመጣ ብታውቂ ወረፋ ትይዢ ነበር" አልኳት። የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

"ስንት ሰው ነው የሚመጣው?" አሉኝ።

የዚያን ያህል ትልቅ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። "ሃምሳ" አልኩ። ሰልፉ ወደ እኔ ሲዞር ጊዜ ጨመርኩበት፤ "ቅዳሜ ቅዳሜ። መቀመጫ አጥተው የሚቆሙም አሉ።"

"ማን አስገድዷቸው?"

"ማንም። ወደውት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ቅናት ነው። እሳቸው ስብሰባ ሲጠሩ የቀረ ስኳር አያገኝም ተብሎ እንኳ የሚመጣው ሃያ ሰው ነው፤ ከሃያውም አሥራ ዘጠኙ ያንኮራፋል፤ ሃያኛው ራሳቸው ናቸው። ሃምሳ ሰው በፈቃዱ የሚሰበሰብበት ቤት በቀበሌያቸው መኖሩን ሲሰሙ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለ ንግግር ሜዳ ላይ መቅረቱ አንገበገባቸው።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ እነምሕረት በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ በመንገዱ አንድ ሰልፍ ሲመጣ አየሁ። ጓድ ሊቀመንበር ካኪያቸውን አስተኩሰው ከፊት፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ሜጋፎንና የሐሳብ መዝገብ ይዘው፣ አራት አብዮት ጠባቂዎች ደግሞ መቀመጫ ያጥራል ተብሎ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው። ሰው ሊያስሩ አልነበረም የመጡት፤ ስለ ዓሣ ሀብት ንግግር ሊያደርጉ ነው። ከኋላቸው የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ይከተላሉ፤ ያቺ የተነኮሰችኝም አለችበት። "ወለደች" ብዬ ልጣራ ብድግ አልኩ፤ አልተጣራሁም። ጓድ ሊቀመንበር ኮፍያቸውን አውልቀው፣ "የዓሦቹ ባለቤት አንቺ አይደለሽ? እስቲ ምሪን" አሉኝ፤ ልጆቹ ሁሉ እያዩኝ ነው። በሩን በገዛ እጄ ከፈትኩት። ፊት ፊታቸው እየመራሁ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ግቢውን እንደ ሙሽራ አቋርጬ እስከ ሳሎኑ ደጃፍ አደረስኳቸው፤ እጀታውን ስይዝ ነው የነቃሁት።

"ወለደች" አልኩ። ከአፌ የወጣው የትንኝ ድምፅ ነበር።

ውስጥ ያሉት ሰሙኝ፤ እንደተለማመድነውም ወዲያው ወደ ገንዳው ዞሩ፤ ግን ለመነሳት ጊዜ አላገኙም። በሩ ሲከፈት ሁሉም ተንበርክከው፣ እጃቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ፣ ፊታቸውን ወደ ዓሦቹ አድርገዋል። ጓድ ሊቀመንበር ከልባቸው ግራ ገብቷቸው፣ "ዓሣ ነው እንዴ የምታመልኩት?" አሉ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳቁን ሊያፍን ሲታገል ዓይኑ የጋሞው ሽማግሌ ጉልበት ሥር የተዘረጋው መጽሐፍ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ሊቀመንበሩ አላየሁም ማለት አይችሉም፤ ስድስት ምስክር ይዘው ነው የመጡት። ባልመጣሁ ኖሮ የሚል ነገር ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ይህን ግን አላጋንንም። ተነሱ አሏቸው። ጋሽ ማርቆስ ተይዘው ሲወጡ አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉና፣ "በሩን ዝጊው፣ ልጄ፤ ብርድ ይገባባቸዋል" አሉኝ።

ሴቶቹንና ምሕረትን ያን ቀን ማታ ለቀቋቸው። ጋሽ ማርቆስ ከቀሩት ወንዶች ጋር ክረምቱን በሙሉ ታሰሩ። ገንዳው ኤግዚቢት ነው ተብሎ ቀበሌ አዳራሽ ተወሰደና ውሃው በመንገድ ስለፈሰሰ ቀጥታ ከቧንቧ ሞሉት፤ ሰኞ ጠዋት ዓሦቹ በሙሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቤቱ የተያዘው "በደረሰን ጥቆማ መሠረት" ነው ተባለ፤ እናቶች ጠቋሚው ማን ይሆን እያሉ እርስ በርስ ሲጠራጠሩ እኔን ግን ማንም አላሰበኝም። ከዚያ በኋላ ቤት ያሉትን እርጉዞች መለየት ተውኩ። ወለዱ፣ በሉ፣ ወለዱ፣ በሉ፤ እነሱንም ብርዱ ጨረሳቸው፤ ለመስቀል ገንዳው ባዶ ሆነና እናቴ ሽንኩርት አስቀመጠችበት። አባቴ ከአራት ዓመት በኋላ ግራ እግሩን እያነከሰ ሲመለስ "ዓሦቹስ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ሽንኩርቱን አሳየሁት።

ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ አውሪልን እየተባልኩ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አላውቅም። ሁልጊዜ "ዓሣ ነው እንዴ የምታመልኩት?" ላይ አቆማለሁ፤ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እነዚያ ሰዎች ዛሬ ፉሪ ላይ ትልልቅ አዳራሽ ሠርተው በድምፅ ማጉያ ነው የሚዘምሩት፤ አልፎ አልፎ በዚያ ሳልፍ በር ላይ ቆሜ የሚወጣውን ሕዝብ አያለሁ፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት በሳቀች ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። አስተናጋጆቹ ግቢ ይሉኛል፤ ሰው ነው የምጠብቀው እላቸዋለሁ።

የማላወራው ይህን ነው። ጋሽ ማርቆስ ሲፈቱ ቤቱ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ተወስኖ ስለቆየ ወደ ሶዶ ለመመለስ ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጫኑ። ምሕረት ለሦስት ወር አላነጋገረችኝም ነበር፤ በራቸውን ባንኳኳሁ ቁጥር እናቷ በጠራራ ፀሐይ "ተኝታለች" ይሉኛል። ያን ቀን ግን ፍራሹ ሲጫን ራሷ ወደ እኔ መጣች።

"ስንት ሰው ይመጣል ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"ሃምሳ" አልኩ።

ባዶውን ሳሎን በመስኮቱ አየችው፤ እያንዳንዳቸው የሚቀመጡበትን ቦታ እየፈለገች ይመስለኛል፤ ጣቶቿ ቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ ይታጠፋሉ።

"ዘጠኝ ነበርን" አለች። ከዚያ የቀረችውን አንዷን ጣት አጠፈች። "ካንቺ ጋር አሥር።"

አባቷ ከመኪናው ላይ ጠሯት፤ ሄደች። ያን አሥር አንድ ቅዳሜ ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ ሃምሳ ምን ያደርግልኝ ነበር።